ብር ቀለም ጠብ ቢደረግበት መብራት ይሆናል? እውነት ወይስ ተረት

ሞዴል መኪና የሚገጣጥም ሰው ካወቃችሁ ይህን ምክር ሳትሰሙት አትቀሩም፦ «ለመብራቱ አትጨነቅ፤ ብር ቀለም ጠብ አድርግበት፣ ብርጭቆዋን ከላይ ለጥፍ፣ አለቀ።» ምክሩ ከታላቅ ወደ ታናሽ፣ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ ሲተላለፍ ስለኖረ የሚጠይቀው የለም። ሰውየው ለመኪናው ቀለም ሳምንታት ይፈጃል፤ ይቀባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ደግሞ ይቀባል። ጎማው ላይ ያለችውን ጽሑፍ ሳይቀር በስቴኪኒ ጫፍ ነጭ ያደርጋታል። ሥራው አልቆ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ግን መኪናው ከጎን እውነተኛ፣ ከፊት አሻንጉሊት ይሆንበታል። ምን እንደጎደለው ይፈልጋል፤ ቀለሙን ይጠረጥራል፣ ጎማውን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ያለው ያቺ የብር ጠብታ ላይ ነው።

«ከዚህ ሁሉ ውስጥ መብራቱን ማን ያየዋል?» የሚሉም ብዙ ናቸው። አነጋገሩ ምክንያት አለው፤ እውነተኛው መኪና ሃያ አራት ጊዜ ባነሰበት፣ 1/24 በሚባለው ስኬል፣ ክብ የፊት መብራት 7 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ናት። ግን ሰው መኪናን የሚያየው እንደ ፊት ነው፤ መብራቶቹም ዓይኖቹ ናቸው። ይህ የሞዴል ሠሪዎች ግምት ብቻ አይደለም። የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የመኪናን ፊት እንደ ሰው ፊት እንደሚያነቡት አሳይተዋል (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ2012 ደግሞ ኦስትሪያና ኢትዮጵያ ውስጥ ያሉ ሰዎችን ፍርድ ጎን ለጎን አስቀምጠው አነጻጽረዋል፤ የሁለቱ አገር ሰዎች የመኪናን ፊት ያነበቡበት መንገድ ተቀራራቢ ነበር። ስለዚህ እንግዳ መጥቶ ሞዴላችሁን ሲያነሳ መጀመሪያ የሚያየው የደከማችሁበትን ኮፈን አይደለም፤ ዓይኑን ነው። ዓይኑ ከሞተ ሌላው አብሮ ይሞታል።

አሁን ወደ ዋናው ተረት። «መብራት ብርማ ነው፤ ብር ቀለም ይበቃዋል» ይባላል። እስቲ በቀን፣ መብራቱ ጠፍቶ የቆመ አሮጌ መኪና ፊት ቁሙና ውስጡን አተኩራችሁ እዩ። ብርማ የሚባል ቀለም አታገኙም። የላይኛው ክፍል ጠቆር ብሎ አስፋልቱን ያሳያል፤ የታችኛው ሰማዩን ይዞ ነጭ ይላል፤ መሀል ላይ የአምፖሉ ጥላ አለ። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ብትሉ ጥቁሩና ነጩ አብረዋችሁ ይንሸራተታሉ። ከብርጭቆው ጀርባ ያለው ጎድጓዳ መስታወት ስለሆነ ነው። መስታወት የራሱ ቀለም የለውም፤ የሚመልሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው። በማንኪያ ሆድ ውስጥ ፊታችሁ ተገልብጦ እንደሚታያችሁ፣ የመብራቱም ጉድጓድ መሬትን ከላይ፣ ሰማይን ከታች ያደርጋል። ብር ቀለም ይህን ከቶ ሊያደርግ አይችልም። ቀለሙ ውስጥ ያሉት ደቃቅ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አቅጣጫ ተኝተው ስለሚደርቁ ብርሃኑን ይበትኑታል። ውጤቱ ከየትም ብታዩት አንድ ዓይነት የሆነ ግራጫ ነው። ዓይን ደግሞ ከየትም ሲያዩት የማይለወጥ ነገር ጠፍጣፋ እንደሆነ ያውቃል።

ተረቱ ታዲያ ለምን አልሞተም? አንደኛው ምክንያት ልጅነታችን ነው። በእጃችን የያዝናቸው ትንንሽ የብረት መኪኖች መብራታቸው ብር ቀለም ነበር፤ በርካሽ በብዛት ለሚመረት አሻንጉሊት ከዚያ የተሻለ መንገድ አልነበረም። ሁለተኛው ምክንያት የቀለሙ ስም ነው። ታሚያ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኤክስ-11 የሚል ቁጥር ያለውን ቀለም «ክሮም ሲልቨር» ብሎ ይሸጠዋል። ጥሩ ቀለም ነው፤ ቸርኬ ላይ ያምራል። ግን ስሙን ያነበበ ሰው መስታወት የገዛ ይመስለዋል። ሦስተኛው፣ ምናልባትም ዋናው፣ ብዙዎቻችን ሥራችንን በስልክ ከፊት ለፊት በፍላሽ አንስተን የምናይ መሆናችን ነው። ፍላሽ ሲበራ ብር ቀለምም መስታወትም እኩል ያበራሉ። ልዩነታቸው የሚወጣው ሞዴሉን መስኮት ዳር አስቀምጣችሁ ስታዞሩት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ተረት ይበልጥ የሚያሳምን ነው፦ «ኪቱ (ተገጣጣሚው ሞዴል የሚሸጥበት ሳጥን) ውስጥ ክሮም የተቀባ ክፍል አለ፤ እሱ ራሱ መስታወት ነው።» ግማሹ እውነት ነው። ያ ክሮም ፕላስቲኩ በቫርኒሽ ተለብጦ ካበቃ በኋላ አየር በሌለበት ጋን ውስጥ እየተነነ የሚያርፍበት ስስ አሉሚኒየም ነው፤ በእርግጥም ያንጸባርቃል። ለመብራቱ ዙሪያ ቀለበት ይሆናል። ችግሩ ያለው ውስጡ ላይ ነው። በብዙ ኪቶች መብራቱ የተሠራው ጥልቀት በሌለው ሳህን፣ አንዳንዴም ጭራሽ በጠፍጣፋ ክብ ላይ ነው። ጠፍጣፋ መስታወት የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ እንደ ጉድጓድ አይታይም፤ ብርጭቆዋ ስትከደንበት ብልጭ የሚል ሳንቲም ይሆናል። ጥልቀት የሌለው መብራት የቱንም ያህል ቢያበራ መብራት አይመስልም። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ ራሱ ይደርስበታል ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመሰርሰር ነው። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ መሰርሰሪያ ይዛችሁ፣ ሞተር ካለው ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ክቡን ወደ ውስጥ ጎድጓዳ አድርጉት። ፕላስቲኩ ከጋለ ይቀልጣልና ቀስ በሉ። ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ መስታወት የሚሆነው ከሥሩ ያለው ገጽ ለስላሳ ሲሆን ብቻ ነው። ለመለበጥ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማጣበቂያ ያለው ስስ የአሉሚኒየም ፎይል ነው፤ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የሚሸጥ አለ። ጎድጓዳ ላይ ሲለጠፍ መጨማደዱ ስለማይቀር ጠርዙን እንደ ፀሐይ ጨረር በጥታችሁ፣ ከመሀል ወደ ውጭ በጥጥ እያሻችሁ አስተኙት። ሁለተኛው የመስታወት ቀለም ነው። እንደ አልክላድ ያሉት መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ከሥር ይፈልጋሉ፤ ብዙዎች ጥቁሩን ዘለው በቀጥታ ይነፉትና «ቀለሙ አይሠራም» ይላሉ። ሞሎቶው የተባለው በእስኪርቢቶ መልክ የሚሸጠው ደግሞ በጣም ቀላል ነው፤ ነገር ግን በደንብ ሳይደርቅ በጣት ከተነካ ወይም ቫርኒሽ ከላዩ ከተቀባ መስታወትነቱ ይጠፋና ተራ ብር ቀለም ይሆናል። ጠብ አድርጋችሁ ተዉት፤ አትንኩት።

አሮጌ ኪት ገዝታችሁ ክሮሙ የተላጠ ወይም የተቧጠጠ ከሆነ «ያ ክፍል ተበላሽቷል፣ ጣለው» የሚላችሁን አትስሙ። እቤት ያለው በረኪና ክሮሙን ይነቅለዋል፤ ክፍሉን ነክሮ መተው ብቻ ነው። ከሥሩ የሚቀረው ቫርኒሽ ትንሽ ያስቸግራል፣ እሱም በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ መስኮትም ክፈቱ።

«ብርጭቆዋ ጥርት ያለች ከሆነች ይበቃል» የሚለው ደግሞ እንደ መኪናው ዕድሜ እውነትም ተረትም ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ከ1940 ሞዴሎች ጀምሮ መኪኖች ሁሉ ወጥ መጠን ያለው፣ ብርጭቆው፣ መስታወቱና ክሩ በአንድ የታሸገ ክብ መብራት እንዲይዙ ተደረገ፤ ስፋቱ 178 ሚሊሜትር ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ አራት ትንንሽ ክቦች መጡ፣ እያንዳንዳቸው 146 ሚሊሜትር። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ አራት ማዕዘኖቹ ተፈቀዱ። በእነዚህ ሁሉና በዘመኑ በነበሩ የአውሮፓ መኪኖች ብርጭቆው ጥርት ያለ አልነበረም፤ ቀጥ ቀጥ ያሉ ሽንሽኖች ነበሩበት። ሽንሽኑ ጌጥ አይደለም። መስታወቱ አንድ ላይ ሰብስቦ የላከውን ብርሃን ግራና ቀኝ መንገዱ ላይ የሚዘረጋው እሱ ነበር። በኋላ መስታወቱ ራሱ በኮምፒውተር ስሌት ብርሃኑን እንዲያከፋፍል ሆኖ ሲሠራ ሽንሽኑ ቀረና ፊቱ ጥርት አለ። ስለዚህ ለ1966 መኪና ጥርት ያለ ብርጭቆ ስሕተት ነው፤ ለዛሬ መኪና ደግሞ ሽንሽን ስሕተት ነው። ኪቱ ላይ ሽንሽን ከሌለ በብርጭቆው ጀርባ በስለታም ቢላ ቀጭን መስመሮችን ጎን ለጎን ማስመር ይቻላል። በእውነተኛው ላይ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ ሽንሽን 1/24 ላይ 0.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህ መስመሮቹ የተጠጋጉ ይሁኑ። ስትለጥፏትም መስመሮቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ አንዷ መብራት ወደ ግራ ካዘነበለች መኪናው ሸውራራ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የታሚያ 1/24 ቮልስ የ1966ቱ ባለ 1300 ሞተር ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቮልስን ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚያውቀው ያስባል፤ «ቮልስ ቮልስ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» ይባላል። አይደለም። የዚያ ዘመን ቮልስ መብራቱ ከፓራፋንጎው ጋር አብሮ ወደ ኋላ ተዘንብሎ ነው የተቀመጠው፤ ብርጭቆው የፓራፋንጎውን ቅርጽ ይከተላል። ከ1967 አካባቢ ጀምሮ ግን መብራቱ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ይህ በአሜሪካ ገበያ ቀደም ብሎ፣ በአውሮፓ በዓመቱ መጣ። ብዙዎቻችን በመንገድ ላይ እያየን ያደግነው የቆመውን ስለሆነ የተዘነበለውን ስናይ የኪቱ ጉድለት ይመስለናልና ልናስተካክለው እንነሳለን። እባካችሁ አታስተካክሉት። ላዳም እንዲሁ ነው። ሰማያዊና ነጭ ታክሲ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ የትኛውን ላዳ እንደምትሠሩ መጀመሪያ ወስኑ፤ ከፊያት 124 የተቀዳው 2101 ሁለት ክብ መብራት አለው፣ 2106 አራት ክብ፣ 2107 ደግሞ አራት ማዕዘን። ሰው ስሙን ባያውቅም ዓይኑ ልዩነቱን ያስታውሰዋል።

«አሮጌ ለማስመሰል ብርጭቆውን ቢጫ አድርገው» የሚለውን ምክር በተደጋጋሚ እሰማለሁ፤ ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው፤ ደህና የተሠራን ሞዴል ያበላሻልና። ምክሩ የመጣው ከዕለት ተዕለት እይታችን ነው፤ በየመንገዱ መብራቱ ቢጫ የሆነና የደበዘዘ መኪና ሞልቷል። ያ ቢጫ ግን የሚመጣው ፖሊካርቦኔት ከሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ስትመታው ገጹ ይበላሻል። የድሮው መብራት እውነተኛ ብርጭቆ ስለሆነ መቶ ዓመት ፀሐይ ላይ ቢቆም ቢጫ አይሆንም። ይቧጨራል፣ ይሰነጠቃል፣ አቧራ ይይዛል፤ ከኋላው ያለው መስታወት ይዝጋል። የ1966 ቮልስን ማስረጀት የሚፈልግ ሰው ብርጭቆውን ትቶ መስታወቱ ጠርዝ ላይ ቀጭን የዝገት ቡናማ ያስገባ። ቢጫ መብራት ትክክል የሚሆንበት አንድ ቦታ ግን አለ፦ ፈረንሳይ ከ1930ዎቹ መጨረሻ እስከ 1993 መኪኖቿ ቢጫ ብርሃን እንዲያበሩ በሕግ ታስገድድ ነበር። የፓሪስ ፔዦ 504 የሚሠራ ሰው ቢጫ ቢያደርገው ልክ ነው፤ እሱም በሎሚ ቢጫ፣ በእርጅና ቡናማ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚጓጓለት ነገር ላይ ደረስን። «እውነተኛ እንዲመስል ኤልኢዲ አስገብተህ አብራው» ይባላል። መብራት የሚበራ ነገር ስለሆነ ካበራ እውነተኛ ይሆናል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ፊልሙም ማስታወቂያውም መኪናን መብራቱን አብርቶ ያሳየናል። ግን ልብ በሉ፤ ከዕድሜያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ያያችሁት መኪና መብራቱ የጠፋ ነው፤ በቀን የቆመ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ያለውም ሞዴል እንደዚያው ነው። ኤልኢዲ የገባበት መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አስቡ። በብዛት የሚገኘው ትንሹ ክብ ኤልኢዲ 3 ሚሊሜትር ነው። በሃያ አራት ሲባዛ 7.2 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ የመብራቱን ግማሽ የሚጠጋ የፕላስቲክ ጉብታ መሀል ላይ ተቀምጦ መስታወቱን ጋረደው ማለት ነው። ማታ ለአምስት ደቂቃ እንዲበራ ተብሎ ቀኑን ሙሉ የታወረ ዓይን ያለው መኪና ይቀራል።

ሲበራም ቢሆን ቀለሙ አይዋሽም። ነጭ ኤልኢዲ ገበያ ላይ የዋለው በ1996 ነው። የ1966ቱ ቮልስ ደግሞ ባትሪው ባለ 6 ቮልት ነበር፤ መብራቱ ሞቅ ያለ፣ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ደካማ ነበር። ሰማያዊ የሚነካካው ብርሃን ሲወጣበት ሠላሳ ዓመት ከዘመኑ ይወጣል። በዚያ ላይ የሞዴል ፕላስቲክ ብርሃን ያሳልፋልና ፓራፋንጎው በሙሉ ከውስጥ ይቀላል፤ ዓይኑ ሳይሆን ጉንጩ ይበራል።

ይህን ሁሉ ስል ኤልኢዲ አይግባ ማለቴ አይደለም። የሌሊት ትዕይንት ለሚሠራ ሰው ቦታው ነው፤ ግን በልኩ። 0402 የሚባለው ደቃቅ ኤልኢዲ 1 በ0.5 ሚሊሜትር ነው፤ በስኬሉ 24 በ12 ሚሊሜትር፣ ማለትም የእውነተኛ አምፖል ያህል ይሆናል። ሲጠፋም አምፖል ይመስላል። ነጩን ትታችሁ ሞቃታማውን ነጭ ምረጡ። የጉድጓዱን ጀርባና የፓራፋንጎውን ውስጥ መጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያ ብር ቀለም ቀቡት፤ ያቺ ብር ቀለም እዚህ ትክክለኛ ሥራዋን ታገኛለች። ብርሃኑንም ቀንሱ። ለምሳሌ በ9 ቮልት ባትሪ 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ብታስገቡ 5 ሚሊ አምፔር ገደማ ያልፋል፤ አሁንም ከበዛ ሬዚስተሩን ከፍ አድርጉ። ለእያንዳንዱ መብራት የየራሱ ሬዚስተር ይኑረው፤ አለበለዚያ አንዱ ከሌላው ይልቅ ይደምቃል።

ፈርጥ ስለመለጠፍም እጠየቃለሁ። ኮርጊ የተባለው የእንግሊዝ አሻንጉሊት ሠሪ በ1960ዎቹ በብረት መኪኖቹ ፊት ፈርጥ ተክሎ ይሸጥ ነበር፤ ያየው ሁሉ ስለወደደው ምክሩ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ኮርጊ የተረዳው ነገር ትክክል ነው፦ ብርሃን ወደ ውስጥ ገብቶ ተሰብሮ መመለስ አለበት። ነገር ግን ፈርጥ በገጽ በገጽ የተቆረጠ ስለሆነ ስታዞሩት እንደ ቀለበት ድንጋይ ብልጭ ይላል፤ ለአሻንጉሊት ያምራል፣ ለሞዴል ግን አይሆንም።

«መሀል ላይ ያለችው ነጥብ አምፖሉ ናት፤ ተዋት» የሚሉም አሉ። ተሠርተው በሚሸጡ የብረት ሞዴሎችና በአንዳንድ ኪቶች ላይ ብርጭቆዋ ከጀርባዋ እሾህ አላት፤ በቀዳዳ ገብታ እንድትያዝ ነው። እሾኋ በብርጭቆው በኩል ስትታይ ጥቁር ብሌን ትመስላለች። እውነተኛ አምፖል ደግሞ እስከ ብርጭቆው ድረስ አይደርስም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ርቆ ነው የሚቆመው። እሾኋን ቆርጣችሁ ቀዳዳውን ድፈኑ፤ አምፖል ካስፈለገ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ጫፉን አሙቃችሁ አድቡልቡሉና ከጉድጓዱ ሥር ትከሉ። ይህ የአንድ ሻይ መጠጫ ጊዜ ሥራ ነው፤ ለውጡ ግን ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ይታያል።

ማጣበቅ ላይ ደግሞ «ሱፐር ግሉ የያዘውን አይለቅም» ይባላል። እውነት ነው፣ አይለቅም። ግን ሲደርቅ የሚወጣው ትነት ከአየሩ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ በአካባቢው ያለ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጉም ሆኖ ያርፋል። ሰው ይህን ከማጣበቂያው ጋር የማያገናኘው ጉሙ ወዲያው ስለማይታይ ነው፤ ማታ አጣብቆ ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ ብርጭቆዋ ደብዝዛ ያገኛታል፤ ያን ጊዜ ፕላስቲኩን ይወቅሳል። የፊት መብራት ብርጭቆ የሚሸከመው ክብደት የለም፤ ጉልበት አያስፈልጋትም። ነጩ ኮላ ይበቃታል፤ ሲደርቅ ጥርት ይላል፣ የፈሰሰውም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል። ብርጭቆዋ ቀድማ ከተቧጨረች በጥርስ ሳሙና ማሸት ይመልሳታል።

በመጨረሻ ሰውን ከሥራው የሚያርቀው «ይህ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ይፈልጋል» የሚለው ነው። ለመብራት ብቻ ተብለው የሚሸጡ ብርጭቆዎችና መስታወቶች እንዳሉ አልክድም፤ ጥሩም ናቸው። ነገር ግን ቢሮ ውስጥ ወረቀት የምንበሳበት ፓንቸር የሚያወጣው ክብ 6 ሚሊሜትር ነው። 6 በ24 ሲባዛ 144 ይሆናል፤ ከባለ አራት መብራቶቹ 146 ሚሊሜትር ጋር በፀጉር ስፋት ካልሆነ አይለይም። በዚያው ፓንቸር ፎይሉንም ጥርት ያለውን የማሸጊያ ፕላስቲክም ቆርጣችሁ መብራት መሥራት ትችላላችሁ። ሆዱ ወጣ ያለ ብርጭቆ ከፈለጋችሁ የክኒን ማሸጊያ ላይ ያሉትን ክብ ጉብታዎች ፈልጉ፤ የአንዱ መድኃኒት ባይሆን የሌላው ይገጥማል። እሱም ከጠፋ ጥርት ያለ ኢፖክሲ በስቴኪኒ ጫፍ ጠብታ አድርጋችሁ ክቡ ላይ ብታሳርፉት ራሱን አንከርብቦ ይደርቃል።

አንድ የቀረ አለ፦ «መብራት የመጨረሻ ሥራ ነው።» ብርጭቆዋን መለጠፉ አዎ፣ የመጨረሻ ነው። ጉድጓዱ ግን የመጀመሪያ መሆን አለበት። ሰውነቱ ተቀብቶ ካበቃ በኋላ የሚሰረስር ሰው የሳምንታት ቀለሙን በአንድ መንሸራተት ያጣዋል። ስለዚህ ገና አንቲሩጂን ሳይነካው ሰርስሩ፣ አለስልሱ፣ ብርጭቆዋ መግባቷን በደረቁ ለክታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ጉድጓዱን በጥጥ ድፈኑትና ሰውነቱን ቀቡ። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ጥጡን አውጡ፤ ጠርዙ ላይ በቀጭን ብሩሽ የተበረዘ ጥቁር አዙሩ፤ መስታወቱን አስገቡ፤ አንዲት ብናኝ እንኳ ውስጥ እንዳትቀር ንፉበትና ብርጭቆዋን በወረንጦ ይዛችሁ ኮላ በተቀባው ጠርዝ ላይ አሳርፏት።